መብራት ሲመጣ ዝም የሚለው ኮምፒዩተር

ልጄ የዓይኑን ብርሃን ካጣ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን ግድግዳ ሲያይ ኖረ። ሲያይ አልኩ እንዴ? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጥ ነበር ማለቴ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችኋል አሉን። ጠበልም ወሰድኩት። ከዚያ ወዲያ «ብላ» ስለው «በልቻለሁ» ይላል፤ «ተነስ» ስለው «ለምን?» ይላል። አባቱ ቀድሞ አርፏል። ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ነን። እንጨት ልለቅም እንኳ ስወጣ ልቤ ቤት ነው የሚቀረው። ምን እንደምፈራ አፍ አውጥቼ አልናገርም፤ ግን እፈራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ድሮ አብሮት ይሠራ የነበረ ጓደኛው ኮምፒዩተር ተሸክሞ መጣ። የልብስ ሻንጣ የሚያህል ነጭ ሳጥን ነው። ኪቦርድ አለው፣ ሁለት ትንንሽ ስፒከር አለው፤ ስክሪን ግን የለውም።

«ቴሌቪዥኑስ የታል?» አልኩት ጓደኛውን።

«ምን ያደርግለታል እማማ? ለማን ሊያሳይ?» አለኝ።

ደንግጬ ልጄን አየሁት። ከትከት ብሎ ሳቀ። በዓመቱ መሳቁ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ይሳቃል ወይ ብዬ ግራ ገባኝ።

ጓደኛው ሦስት ቀን እየተመላለሰ ሳጥኑ ውስጥ ሊኑክስ የሚባል ነገር ጨመረበት። እኔ መጀመሪያ ስሙን ስሰማ የዓይን መድኃኒት መስሎኝ «በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚደረግለት?» ብዬ ጠይቄ ሁለቱም እስኪደክማቸው ስቀውብኛል። ለካ ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ነገር ኖሯል። ልጄ በጣቱ የጻፈውን ሳጥኑ በድምፅ ያነብለታል፣ በእንግሊዝኛ። ጓደኛው ከዚያ ለሥራ አዋሳ ተመድቦ ሄደ። እኛ ከሳጥኑ ጋር ቀረን።

ልጄ ከግድግዳው ዞረ። ይኼን ብቻ ልናገር። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ፀጉሩን በእጁ ዳብሶ፣ ሳጥኑ ፊት ይቀመጣል። «ምሳ ቀርቧል» ስለው «ቆይ እማዬ» ይላል። «በልቻለሁ» ማለት ቀረ። በልቶ የማያውቀው ልጅ «ቆይ» ማለቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የድሮ አለቃው ሊጠይቀው መጣ። ቄራ በኩል ባለው መሥሪያ ቤታቸው ስልክ የሚቀበልና ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሊቀጥሩ ነው። ሳጥኑ ሲናገር ሰማና ተገረመ። ተገርሞ ግን ዝም አላለም።

«እውነቱን ልንገርህ» አለው። «ያለነው መብራት በቀን ሦስቴ የሚሄድበት ከተማ ነው። በሄደና በመጣ ቁጥር ይኼን ማሽን የሚያስነሳልህ ሰው አጠገብህ ላቆም አልችልም። መብራት ሲመጣ እሱም ራሱ ተነስቶ ከተናገረ ሥራው ያንተ ነው። ከፋሲካ በኋላ መጥቼ አያለሁ።»

ልጄ ያን ቀን እራት በላ። እኔ ግን በዚያች «ከተናገረ» በምትለው ቃል እንቅልፍ አጣሁ። ካልተናገረስ? ወደ ግድግዳው ሊመለስ አይደለም ወይ?

ችግሩን ሲያስረዳኝ እንዲህ አለኝ፦ «ሳጥኑ መብራት ሲያገኝ ይነሳል እማዬ። ድምፁ ግን አብሮት አይነሳም። ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ አፉ እንደተለጎመ በለው። ድምፁ እንዲከፈት እኔ መጻፍ አለብኝ። ድምፅ ከሌለ ደግሞ መንቃቱን በምን አውቃለሁ? ለእኔ ስክሪኔ ድምፁ ነው።»

ስለዚህ ሳጥኑ ሲነቃ በመጀመሪያ የሚያነበው ወረቀት የመሰለ ነገር አለ አሉ፤ እሱ ላይ ትእዛዝ ጻፈበት። መጀመሪያ የድምፁን ካርድ ክፈት፣ ቀጥለህ ድምፁን ከፍ አድርግ፣ ከዚያ ሰላምታ ስጥ። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ካርዱ ተከፈተ ሲል ድምፁ ከዜሮ አልነሳ አለ፤ ድምፁ ተነሳ ሲል ቅደም ተከተሉ ተሳሳተ። በመጨረሻ አንድ ቀን እሱ አጥፍቶ ሲያበራው፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ከጓዳ ሰማሁት፦ «ሴላም።»

«ማነው?» ብዬ ቢላዋ እንደያዝኩ ወጣሁ።

«ሰላም ብሎሻል እኮ፣ መልሽለት እንጂ!» አለ ልጄ። ሰላም የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎለት፣ ሳጥኑ እንደ ፈረንጅ ነው የሚያነበው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ ደህና ነህ?» አልኩት ሳጥኑን። ምን ልበል ታዲያ፤ ሰላም ላለ ሰው ዝም አይባልም።

ደስታችን ሁለት ቀን አልሞላም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት መብራት ሄዶ መጣ፤ ሳጥኑ ዝም። ልጄ ከውጭ ፀሐይ ሲሞቅ ቆይቶ ገባ፣ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ምንም የለም። በእጁ አጥፍቶ ሲያበራው «ሴላም»። በማግስቱ መብራት ሄዶ መጣ፤ ዝም። በእጁ ሲያበራው «ሴላም»። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። መብራት ሲያስነሳው ዲዳ፣ ልጄ ሲያስነሳው ተናጋሪ።

«ጻፍኩለት እኮ!» ይላል ልጄ። «ያው ወረቀት ነው የሚያነበው። እጄ ከመብራት በምን ይለያል?»

እኔ ለሰው የማልነግረው አንድ ሐሳብ ገባኝ። ከመጣበት ቀን ጀምሮ ይኼ ነገር እንዳይከፋብን ብዬ፣ ልጄ በሌለበት፣ ጠበል በጣቴ ነክሬ ጠብ ጠብ አድርጌበት ነበር። ውሃና ኤሌክትሪክ! እኔ ነኝ ያበላሸሁት አልኩ። ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ልናገር ወይስ ለልጄ ልናገር፣ የቱ እንደሚቀድም አላውቅ ብዬ ለሁለቱም ሳልናገር ቀረሁ።

ሳምንታት አለፉ። ልጄ ወረቀቱን ደጋግሞ ጻፈ። ምግብ መልሶ ተወ። አንድ ቀን ስገባ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮት አገኘሁት። «ምነው?» ስለው «ምንም፣ ጀርባዬን አሞኝ ነው» አለ። ጀርባ ያመመው ሰው ወንበር ያዞራል እንዴ?

በማግስቱ «ስክሪን ብንሰካለት ሲነሳ የሚጽፈው ነገር ይኖራል፤ እሱን የሚያነብልኝ ባገኝ» አለ። ሰው ጠየቅን፤ ኮምፒዩተር የሚያውቁት ልጆች ዛሬ ነገ ይላሉ።

«እኔ አነብልሃለሁ» አልኩ።

«እማዬ፣ እንግሊዝኛ ነው እኮ።»

«ዓይን አለኝ አይደል?» አልኩና ምላሴን ነከስኩ።

እኔ የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ ያውም ማታ ማታ እያንቀላፋሁ። ፊደል እቆጥራለሁ፤ ጋዜጣ ቀስ ብዬ እለቅማለሁ። የፈረንጅ ፊደል ግን ከስኳር ጆንያ ላይ ካልሆነ አላውቀውም።

ስክሪን ያለው ጎፋ ነው። ጎፋ ላይ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ አፏ ስለታም፣ ልቧ ቅቤ። እሑድ ስለምትዘጋ ለእሑድ ታውሰናለች። ስክሪኑ የበግ ጭንቅላት ሳይሆን የበሬ ጭንቅላት ያክላል። በኩታዬ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አዘልኩት። ሴትዮዋ በሯ ላይ ቆማ፦

«ዕድሜሽ ሄዶ አረገዝሽ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ወለድሽ እንዴ!» አለችኝ።

«ወንድ ነው» አልኳት። «ግን ዓይኑን አይከፍትም።»

«መብራት አሳዪው፣ ይከፍታል» ብላ ራሷ ታክሲ ድረስ ከኋላ ደግፋ ሸኘችኝ።

የመጀመሪያው እሑድ የተማርኩበት ነበር። ልጄ ፊደሎቹን በዓይኑ ያስታውሳቸዋል፤ እኔ ደግሞ የማየውን በእኛ ፊደል እነግረዋለሁ። እንዲህ ሆነ መግባቢያችን። «ሃሌታው ሀ» ስለው «ዩ» ይላል። «ንጉሡ ሠ» ስለው «ደብሊው»። ሦስት እግር ያላትን ሐመሩ ሐ አልኳት፤ «ኤም» አለ። «መቀነት የታጠቀ ለ» ስለው ትንሽ አሰበና «ኤ! ትልቁ ኤ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። አንዷን ክብ አየሁና «ዐይኑ ዐ» አልኩ። ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ «ኦ ናት እማዬ፣ ቀጥይ» አለኝ።

ልፋታችን ግን በከንቱ ነበር። ስክሪኑ እያለ ሳጥኑን አሥር ጊዜ ቢያጠፋ ቢያበራው፣ አሥር ጊዜ «ሴላም» አለ። ሶኬቱን ነቅሎ ሲሰካው እንኳ «ሴላም»። ስክሪኑን አዝዬ ስመልስ ለሴትዮዋ ነገርኳት።

«ሰው ሲያየው ያፍራል፣ ሰው ሲጠፋ ይለግማል ማለት ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ሠራተኛ እኔም ነበረኝ።»

እኔ አልሳቅሁም። ሰው ሲያየው የሚናገር፣ ሰው ካላየው ዝም የሚል ምን ይሆን ብዬ ፈራሁ። ያን ሳምንትም መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ዝም። ፋሲካ ደረሰ።

እዚህ ላይ ስለ ቤቴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም። ራዲዮኑ ለብሷል፣ ቴርሞሱ ለብሷል፣ የወንበሮቹ ጀርባ ለብሷል። ታዲያ ስንት ተስፋ የተጣለበት ሳጥን ራቁቱን ይቀመጥ? ልጄም «አቧራ እንዳይገባበት ሸፍኚልኝ» ብሎኛል። ከመጣ በሁለተኛው ወር ለሳጥኑም ለኪቦርዱም የሚበቃ ነጭ ዳንቴል ሠርቼ ጨረስኩ። ልጄ ከወንበሩ ሲነሳ አለብሰዋለሁ፤ ሊቀመጥ ሲል ቀድሜ እገፍለታለሁ። መስኮቱ ነፋስ ያስገባል፤ ዳንቴሉን እንዳይወስደው የፕላስቲክ አበባ ያለበትን ማስቀመጫ እጭንበታለሁ። እንዳይወድቅ አሸዋ ሞልቼዋለሁ፤ ከባድ ነው። ከሳጥኑ ላይ ከወደቀ ይሰበራል ብዬ ዝቅ ያለው ላይ አደርገዋለሁ፤ ኪቦርዱ ላይ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ስክሪኑን ለመጨረሻ ጊዜ አዝዬ አመጣሁ። አለቃው ሐሙስ ሊመጣ ነው። ጠዋት ስንሞክር ያው «ሴላም»። ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ልጄ እጁን ሊታጠብ ተነሳ። እኔ እንደ ልማዴ ሳጥኑን አለበስኩት፣ አበባውን አስቀመጥኩ፤ የሰው ዕቃ ነውና ስክሪኑን በነጠላዬ ሸፈንኩት። እየበላን መብራት መጣ። ሳጥኑ ጢው አለ። ጠበቅን። ሌላ ድምፅ የለም።

ልጄ ጉርሻውን ጣለ። «እማዬ! አትንኪው! ስክሪኑ ላይ ምን አለ?»

ነጠላዬን ገለጥኩ። «ብዙ ነው። ከላይ የቁጥር መዓት፣ ቀጥሎ ብቻውን የቆመ መስመር አለ።»

«ብቻውን የቆመውን። ፊደል በፊደል።»

«ምርኩዝ ነው፤ በቀኙ ሁለት እግር ይራገጣል።»

«ኬ።»

«ያልተዘጋ ክብ፣ ሆዱ ላይ መስመር ያለበት።»

«ኢ።»

«ባላ።»

«ዋይ። ቀጥይ፣ ቀጥይ።»

«ዱላ፣ ከታች በቀኙ ያበጠ። ቀጥሎ ዐይኑ ዐ...»

«ኪቦርድ!» ብሎ ጮኸ። «ቀጥሎ ያለው ቃል በኢ ይጀምራል? ሁለት አንድ ዓይነት ፊደል ጎን ለጎን አለው?»

«አለው።»

«ስህተት ማለት ነው። የኪቦርድ ስህተት። ኪቦርዱን ምን ነካው?» አለና እጁን ሰደደ። እጁ ዳንቴሉን አገኘ። በዳንቴሉ ላይ ሄደ ሄደና ማስቀመጫው ጋ ቆመ። ወደ ላይ ዳበሰው፤ አበባው ጋ ደረሰ።

«እማዬ። ይኼ ምንድን ነው?»

«አበባ ነው።»

«ምን ላይ ነው ያለው?»

«ዳንቴሉ ላይ።»

«ዳንቴሉስ?»

ያኔ ገባኝ። ማስቀመጫውን አንስቼ አቀፍኩት። ልጄ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሳጥኑ ገና ሲነቃ፣ ወረቀቱን እንኳ ሳያነብ፣ አካላቱን ይቆጥራል። ኪቦርዱ ተጭኖ ካገኘው አንድ ሰው ቁልፍ ይዟል፣ ወይ ተበላሽቷል ብሎ እዚያው ይቆማል፤ ሰው መጥቶ ይለፍ እስኪለው አይንቀሳቀስም። እኔ ልጄ ሲመጣ አበባውን ስለማነሳ እሱ ሲያበራው ደህና ይሆናል። ስክሪን ስናመጣም ሳጥኑን ስለምገፈው ደህና ይሆናል። ሁሉም ነገር የእኔ አበባ ነበር።

«ሁለት ወር ሙሉ» አለ ልጄ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ጠበልም ረጭቼበታለሁ» አልኩት። ለምን ያን ጊዜ እንደተናገርኩት አላውቅም፤ አንዴ ከወጣ ሁሉም ይውጣ ብዬ ይሆናል።

«ጠበሉ ምንም አላደረገም» አለ። ከዚያ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፣ ምሳውም ቀዘቀዘ። አጠገቡ ሄጄ ለመቀመጥ ፈራሁ። ውስጥ ሆኜ፣ ሐሙስ ቢበላሽ በእኔ ነው፣ ቢሳካ ደግሞ እኔ ሁለት ወር አዘገየሁት፣ የቱን ልለምን እላለሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ገባ። «ነይ አንብቢልኝ» አለኝ። ሳጥኑ ሲነቃ አንድ ቁልፍ ተጫነና የአነሳሱ ሥርዓት የሚስተካከልበት ሰማያዊ ገጽ መጣ። «መሰላል ፈልጊ፣ አንድ እርከን ብቻ ያለው» አለኝ፤ ኤች የምትባለዋን ፊደል ማለቱ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ መሰላሉን አገኘሁት። እዚያ ጋ፣ ችግር ሲያጋጥምህ ቁም የሚል ነበር አሉ። ምንም ቢያጋጥምህ አትቁም ወደሚለው አዛወርነው። ከዚያ እሱ ራሱ ዳንቴሉን አለበሰ፣ እሱ ራሱ አበባውን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠና ሶኬቱን ነቅሎ ሰካ።

«ሴላም» አለ ሳጥኑ፣ ከዳንቴሉ ሥር።

«አሁን እንደፈለግሽ አልብሽው» አለኝ። ፊቱ ግን ገና አልፈታልኝም። የፈታው በማግስቱ፣ ስክሪኑን ስንመልስ፣ ያቺ ሴት ጉዳዩን ሰምታ «እኔ የምለው፣ ለእኔ ፎቶ ኮፒም ዳንቴል ትሠሪልኛለሽ?» ስትል ነው። ያኔ መንገድ ላይ ቆሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሐሙስ አለቃው መጣ። ሻይ ሰጠሁት። ሻዩን ሳይቀምስ «መብራቱ ዛሬ እኔ ነኝ» ብሎ ሶኬቱን ድንገት ነቀለው፤ ሳጥኑ ሥራ ላይ እያለ። ሻዩን ጠጣ። መልሶ ሰካው።

ጢው አለ። ከዚያ ዝም።

አለቃው ሰዓቱን አየ። እኔ የልጄን ፊት አየሁ። ሳጥኑ ውስጥ አይጥ እንደሚቆረጥም ያለ ድምፅ ይሰማል።

«ቆመ እንዴ?» አለ አለቃው።

«አልቆመም። በድንገት ስለጠፋ የተጻፈበትን ሁሉ አንድ በአንድ እየመረመረ ነው። ሲጨርስ ይናገራል» አለ ልጄ።

«እስከ መቼ?»

«እስኪጨርስ።»

እንዲህ ተብሎ ለአለቃ ይመለሳል? ሁለተኛ ሻይ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ፣ ስኳሩን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ። ልጄ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ራሱን ወደ ሳጥኑ ዘንበል አድርጎ፣ ቁርጥምጥሙን ያዳምጣል። አልተጨነቀም። እኔ የማልሰማውን ነበር የሚሰማው።

«ሴላም» አለ።

አለቃው ሁለት ጊዜ ደገመው። ሁለት ጊዜም ተናገረ። «ሰኞ ሁለት ሰዓት» አለ፣ እየተነሳ። «ሳጥኑን ሾፌር መጥቶ ይወስደዋል።»

«እሱንስ ማን ይወስደዋል?» አልኩ። አፌ አምልጦኝ ነው። አለቃው ወደ ልጄ ዞረ።

«ታክሲ» አለ ልጄ።

እንግዲህ ከዚያ በፊት ሳጥኑ ይናገር እንጂ ብዬ ስጸልይ፣ ስለት ስሳል፣ ስክሪን ሳዝል፣ ከተናገረ በኋላ ምን እንደሚመጣ አንድ ቀን አላሰብኩም። ልጄ በመንገድ ሊሄድ ነው። በመኪና መሐል። አርብና ቅዳሜ ከበራችን እስከ አስፋልቱ እየተመላለስን እርምጃ ቆጠርን። እሱ አንዴ ቆጥሮ ያዘው፤ እኔ በየመሐሉ ይምታታብኛል።

ሰኞ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሼለት ወጣን። የቄራ ታክሲ መጣ። ወያላው ክንዱን ይዞ አስገባው፣ ፊት ለፊት አስቀመጠው። እኔ የበሩን እጀታ ይዣለሁ። ልገባ ይሁን ልመለስ እኔም አላውቅም፤ አንድ እግሬ መሬት ነው፣ አንዱ መወጣጫው ላይ።

«እናት፣ ይገባሉ አይገቡም? ሰው እያስቆሙ ነው» አለ ወያላው።

ልጄ ራሱን ወደ በሩ መለሰ። «አትገባም» አለው። «እማዬ፣ እጅሽን አንሺ። ዝጋው።»

እጄን አነሳሁ። ወያላው በሩን ዘጋው።